የድሮው ፍርድ ቤት ሊፈርስ ነው፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ የታሪክ መምህርት ነኝ። ከተማችን መሃል፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት አለ። በጃንሆይ ጊዜ ፍርድ ቤት ነበር። በደርግ ቀበሌ ሆነ። በኋላ የማዳበሪያ መጋዘን አደረጉት። አሁን ዝግ ነው። በቦታው ላይ ባለ አምስት ወለል የአስተዳደር ሕንፃ ሊሠራ ነው ተብሏል፤ ሳይት ፕላኑም ወጥቷል ይላሉ። ቤቱን በእርምጃ ለካነው፤ 22 በ12 ሜትር ገደማ ነው። ግቢው ግን ሰፊ ነው፣ 2,000 ካሬ ይሆናል። ስንጥቅ ስላለው ‹ለሕዝብ አደጋ ነው› እያሉ ነው። እውነት አደጋ ነው? በሕግ ማስቆም ይቻላል? አይቻልም ከተባለስ ምን እናትርፍ? ልጅዎ ነኝ፤ አንቺ እያሉ ይመልሱልኝ።»

እሺ፣ አንቺ እላለሁ።

ሙያዬ የአሮጌ ሕንፃ ጥገና ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚደርሰኝ ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለቀ፣ ድንጋዩ በሲኖትራክ ከተጫነ በኋላ ነው። ያንቺ ገና ነው። ሳይት ፕላን ወጣ ማለት ዶዘር ገባ ማለት አይደለም። በመሃል በጀት አለ፣ ጨረታ አለ፣ የግንባታ ፈቃድ አለ። ከሁሉም በላይ ብዙ ደብዳቤ አለ። የአንቺ ሥራ እዚያ መሃል ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ከተማ ላይ የድንጋይ እህል መጋዘን አየሁ። ጥርብ ድንጋዩ እርስ በርሱ ከመግጠሙ የተነሳ ቢላዋ አያስገባም። ለባህል ባለሙያው «የመመዝገቢያ ቅጹን ስጠኝ፣ ሞልቼ አመጣልሃለሁ» አልኩት። ሰጠኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ሜትሬን ይዤ ሰኞ ጠዋት ብደርስ ቦታው ሜዳ ሆኗል። ያፈረሱት ዓርብ ዕለት ነው። በንዴት ቢሮ ገብቼ ጮህኩ። ኃላፊው ረጋ ብሎ «ቅርስ መሆኑን ማን ነገረን? ዝርዝር ላይ የለም» አለኝ። አፌን ያዝኩ። ቅጹ ያኔም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባዶውን።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ቤቱን ዶዘር ሳይደርስበት ወረቀት ይድረስለት። ቀጥሎ የምልሽ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

በቅድሚያ ቤቱ በማን እጅ እንዳለ እወቂ። በ1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። በየከተማችን መሃል ያሉት አሮጌ ቤቶች አብዛኞቹ ወደ ቀበሌና ወደ ኪራይ ቤቶች የገቡት ያኔ ነው። ያንቺው ደግሞ ፍርድ ቤት ስለነበረ ከመነሻውም የመንግሥት ነው። ስለዚህ ባለቤቱም መንግሥት፣ አፍራሹም መንግሥት፣ በሕግ ጠብቅ የተባለውም ያው መንግሥት ነው። ተስፋ የሚያስቆርጥ ይመስላል። ግን መንግሥት አንድ ሰው አይደለም። ባህልና ቱሪዝም አለ፣ ማዘጋጃ ቤት አለ፣ ምክር ቤት አለ። አንዱ የጻፈውን ደብዳቤ ሌላው ዝም ብሎ መቅደድ ይከብደዋል። ፋይል ላይ ይቀራላ! ማዘጋጃ ቤት ሂጂና ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንዴ እነሱም አያውቁትም። እሱ ራሱ አንድ መረጃ ነው።

አሁን ወደ ስንጥቁ።

«አደጋ ነው» የሚለው ቃል ቀላል ቃል አይደለም። እውነት ሲሆንም አይቻለሁ፤ ሰበብ ሲሆንም አይቻለሁ። ስለዚህ ስንጥቁን ራስሽ አንብቢው። ስንጥቅ ይነበባል።

እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ልስኑ ላይ ብቻ የሚታይ ስንጥቅ ምንም አይደለም። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ፣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ደረጃ በደረጃ ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ መሠረቱ በአንድ በኩል ሰምጧል። ወዲያው ቀና ብለሽ ጣሪያውን እዪ። እዚያው በላይ አሸንዳው ተበስቶ ወይም ጭራሹኑ ወድቆ ታገኚዋለሽ። የዓመታት ዝናብ አንድ ቦታ ሲወርድ የኖረ ነው። ወይም ደግሞ አጠገቡ በቅርቡ ቦይ ተቆፍሯል። ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ግድግዳዎቹ እየተላቀቁ መሆኑን ይነግርሻል። ብዙ ጊዜ ጣሪያው እየገፋቸው ነው። እነዚህ ሁሉ ይጠገናሉ። ወጪም ያን ያህል አይደለም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ግድግዳው ሆድ ሲያወጣ። የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ከግማሽ ሜትር በላይ ይወፍራል። ከውጭ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ ከውስጥ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ መሃሉ ጭቃና ጠጠር ነው። ጭቃው በውሃ ታጥቦ ከወረደ የውጭው ረድፍ ለብቻው ወደ ውጭ ይነፋል። ቱምቢ፣ ማለትም ክር ላይ የታሰረ ክብደት፣ አንጠልጥለሽ እዪው። ክሩ ከግድግዳው አናት ወርዶ መሃል ላይ ድንጋዩን ከነካ፣ ከታች ደግሞ ከራቀ፣ ሆድ አውጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ዙሪያውን አጥሩት፣ ልጆች እንዳይጠጉ አድርጉ። እኔ ድንጋይ እወዳለሁ፤ ሰው ከሚሞት ግን ድንጋይ ይውደቅ። ያም ሆኖ ሆድ ያወጣ ግድግዳ ስላለ ቤቱ በሙሉ ይፍረስ አይባልም። የዚያ ግድግዳ ድንጋይ ተነቅሎ እንደገና ይካባል። የመንዝ ሰው ይህን ሲሠራ ነው የኖረው፤ ኢንጂነር ሳይጠራ።

ሌላ የማያመልጥሽ ነገር ሲሚንቶ ነው። መጋዘን በነበረ ጊዜ አንድ ሰው «ላድሰው» ብሎ በሲሚንቶ ለስኖት ሊሆን ይችላል። በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጊው። ጭቃ ከሆነ ይረግፋል፤ ኖራ ከሆነ ነጭ ዱቄት ይሰጥሻል፤ ሲሚንቶ ከሆነ ቁልፍሽን ይበላዋል። ጭቃ የያዘው ድንጋይ ይተነፍሳል። ዝናብ ያስገባውን እርጥበት ፀሐይ ታወጣዋለች። ሲሚንቶ ሲለበስበት ውሃው መውጫ ያጣል። ውስጥ ለውስጥ ጭቃውን ያቦካዋል። እናንተ ጋ ደግሞ ውርጭ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከድንጋዩ ገጽ ሥር የታመቀው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ያን ጊዜ ሰው አይቶ «አርጅቷል» ይላል። አላረጀም። ታፍኗል።

እንጨቱንም ፈትሺ። ወራጆቹ የሐበሻ ጥድ ከሆኑ እድለኛ ነሽ። ጥድ ምስጥም መበስበስም በቀላሉ አይደፍረውም። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን ጫፉን፣ እርጥበት የሚያገኘው እሱ ነውና፣ በካቻቢቴ ወጋ አድርጊው። የማይገባልሽ ከሆነ ጤነኛ ነው። እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል፤ ግን እሱም ቢሆን ጫፉ ተቆርጦ ይቀጠላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ስንጥቁ አሁንም እየሄደ ነው ወይስ ከሠላሳ ዓመት በፊት ቆሟል? ይህን የሚመልስ እርሳስ ነው። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ አጭር መስመር አስምሪ፤ ቀኑን ጻፊበት። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ነጥብ አድርጊና በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኪ። በየወሩ ድገሚው። ከፈለግሽ ስስ የመስታወት ቁራጭ በጄሶ አጣብቂበት፤ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ማየት ያስፈልጋል። ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ይላል። በየካቲት የተከፈተ ስንጥቅ በነሐሴ ሲገጥም አይቻለሁ። የአንድ ቀን ጉብኝት ይህን አያሳይም።

ስለዚህ «አደጋ ነው» ሲሉሽ አትከራከሪ። «የኢንጂነሩን ሪፖርት ልየው» በይ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈርሞ ማኅተም ያደረገበት፣ ፎቶ ያለው፣ ምን እንደተለካ የሚናገር ሪፖርት። ኮሚቴ ተሰብስቦ በሦስት መስመር ቃለ ጉባኤ «ያሰጋል» ያለው ሪፖርት አይደለም። አስተያየት ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልበል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን በዚህ ሥራ ላይ አዋጅ ሳያነቡ መኖር አይቻልም።

ዋናው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ሰዎች «ቅርስ ለመባል መቶ ዓመት ይሙላው» ሲሉ ትሰሚያለሽ። በአዋጁ ትርጉም ውስጥ እንዲህ የሚል የዕድሜ ቁጥር የለም። የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ በታሪክ፣ በሳይንስ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብ ወይም በእደ ጥበብ ከፍ ያለ ዋጋ ይኑረው ነው የሚለው። ቅርስን ለመጠገን እንኳ የቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። መጠገን ፈቃድ ከጠየቀ ማፍረስማ ምን ሊባል ነው? ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመድበው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 839/2006 ነው። ያንቺ ፍርድ ቤት ብሔራዊ ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ሁሉም አክሱም መሆን የለበትም። ለክልል ደረጃ ተከራከሪ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 ታሪካዊ ቅርሶችን የመንከባከብን ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ያደርጋል። አንቀጽ 91 ደግሞ ግዴታውን ለመንግሥትና ለዜጋ በጋራ ይሰጣል። ይህቺን ሁለተኛዋን ደብዳቤሽ ላይ አስገቢያት። «ምን አገባሽ?» ለሚል መልሱ እሷ ናት።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ስለ ተፅዕኖ ሲተረጉም የባህል ቅርስንም ይጨምራል። ባለ አምስት ወለል ቢሮ ሙሉ ጥናት ላይጠየቅበት ይችላል። ግን «ተሠርቷል ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አይከፋም። መረጃ ሲከለክሉሽ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለልሽ። በመንግሥት እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ለዚህ ብዙ አይጠቅምሽም። እዚያ ላይ ቅሬታ የሚያቀርበው ባለይዞታው ወይም በንብረቱ ላይ መብት አለኝ የሚል ሰው ነው። እዚህ ባለይዞታው ራሱ አፍራሹ ነው። ከቤቱ አጠገብ የሚነሱ ሱቆች ካሉ ግን ባለቤቶቹ ይህን አዋጅ ይያዙት። ትእዛዙ በደረሳቸው በ30 ቀን ውስጥ ቅሬታቸውን ማቅረብ ይችላሉ።

«ፍርድ ቤት ሄጄ ላሳግድ?» ትይኝ ይሆናል። የፍርድ ቤትን ቤት ለማትረፍ ፍርድ ቤት መሄድ ደስ ይላል። ግን ቀጠሮ ከዶዘር ይዘገያል። መጀመሪያ ደብዳቤው።

ደብዳቤውን እንዲህ አድርጊው። አንድ ገጽ ይሁን። የተጻፈለት የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሁን። ግልባጭ ለዞኑ መምሪያ ደብረ ብርሃን፣ ለክልሉ ቢሮ ባሕር ዳር፣ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አዲስ አበባ፣ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ቤቱ ተጠንቶ ይመዝገብ፣ ጥናቱ እስኪያልቅ ሥራው ይቆይ። ስድብ አይግባበት። «ታሪካችን ሊጠፋ ነው» የሚል ለቅሶም አይግባበት። መምህራን፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የዕድር ዳኛው፣ ከተቻለ ካህንና ሼህ ይፈርሙበት። መዝገብ ቤት ስታስገቢ ገቢ ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ይዘሽ ውጪ። «ተይው፣ እኔ አደርስልሻለሁ» የሚልሽ ደግ ሰው ይኖራል። እግዜር ይስጥልኝ በይና ራስሽ አስገቢ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እኛ አገር አልተጻፈም።

ጊዜውንም አስቢ። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በሚያዝያና በግንቦት አንድ ቢሮ ያልተነካ የግንባታ ገንዘብ ካለው ይርበተበታል፤ ገንዘቡ እንዳይመለስበት። ዶዘር በድንገት የሚንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ከፍቅርም ከጥላቻም አይደለም፤ ከሂሳብ ነው። የቀጣዩ ዓመት በጀት ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ከምክር ቤት አባሎች ጋር ቡና ጠጪ።

ስትነጋገሪ ደግሞ «አትሥሩ» አትበይ። ወረዳው ቢሮ ያስፈልገዋል። ሠራተኛው በተከራየ ጠባብ ክፍል ተደራርቦ ሲሠራ አይተሻል። «እንዴት እንሥራ» በይ። ሂሳቡን ራስሽ ሰጥተሽኛል። 22 በ12 ማለት 264 ካሬ ነው። ከ2,000 ካሬ ግቢ ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው 1,736 ካሬ ባዶ ነው! አዲሱ ሕንፃ ከኋላ ቢቆም፣ አሮጌው ከፊት የእንግዳ መቀበያ ወይም የመዝገብ ቤት ቢሆን ምን ይጎድላል? ለአርክቴክቱ ይህን የሚያሳይ አንድ ንድፍ ብትወስጂለት ከአሥር አቤቱታ ይበልጣል። ያም ካልሆነ ሌላ ቦታ አለ። መሬት የመንግሥት ነው። በሊዝ አዋጁ በቁጥር 721/2004 መሠረት በበጀት የሚተዳደር የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቢሮ ቦታ የሚያገኘው በምደባ ነው፤ ጨረታ አይወዳደርም። ግለሰብ ቢሆን «ሌላ ቦታ መግዣ የለኝም» ሊል ይችላል። ወረዳ ይህን ማለት አይችልም።

«የድሮ ነገር መጠገን ለሀብታም አገር ነው» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። የጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 እሳት በልቶት ተጠግኖ ዛሬም እንግዳ ይቀበላል። በ1953 የተሠራው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ተከፍቷል። ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሉት የምኒልክ ዘመን ቤቶች ታድሰው ከ2012 ጀምሮ ሕዝብ ይጎበኛቸዋል። ይህን የመጨረሻውን ለአስተዳዳሪው ንገሪው። አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ራሱ ያደረገውን እናንተ ጋ ማድረግ ነውር አይሆንም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። «እናፈርሰውና መልኩን አስመስለን እንሠራዋለን» ሊሉሽ ይችላሉ። ይህን እንዳትቀበዪ። አንኮበር ሂጂና እዪ። ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥቱን አስመስሎ የተሠራ ሎጅ አለ። ደስ የሚል ቦታ ነው፤ እኔም አድሬበታለሁ፤ ብርዱ ግን አይጣል። የእጄ መዳፍ የሚፈልገው ግን ከጥንቱ የቀረውን የድንጋይና የኖራ ቅጥር ነው። ሌላው አዲስ ቤት ነው። በነገራችን ላይ የእናንተ አገር በዚህ ረገድ ጠባሳ አለበት። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ የሠራውን ቤተ መንግሥት ዛሬ አታገኚውም። አንጎለላ የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ ከተማ ነበረች፤ ምኒልክ በ1836 የተወለዱትም እዚያ ነው። የምኒልክ መቀመጫ የነበረችው ልቼም አለች። ሸዋ ከተማውን እያነሳ ሌላ ቦታ እየተከለ ነው የኖረው። እንጨቱ ነደደ፣ ጭቃው ፈረሰ፣ ካብ ቀረ። ስለዚህ እናንተ ጋ ቆሞ የቀረ የድንጋይ ቤት ሁሉ ከሌላው አገር የበለጠ ይከብዳል። ይህን የሚያስብለኝ ሙያዬ እንጂ ወገንተኝነቴ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ወገንተኝነቴም አለበት።

ደግሞ «ይሄ የጣሊያን ቤት ነው፣ የጠላት ሥራ ነው፣ ይፍረስ» የሚልም ይመጣል። እኛ አገር ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ከተካበ ሁሉ ጣሊያን ሠራው ይባላል። ጣሊያን አምስት ዓመት ነው የቆየው። የጣርማ በርን ዋሻ በስቷል፣ እውነት ነው። ግን ከነጻነት በኋላ በጃንሆይ ዘመን የተሠራው የመንግሥት ቤት ስንት ነው! የሠሩት ግንበኞች የልጅ ልጆች ከተማችሁ ውስጥ ይኖሩ ይሆናል። ጉበኑ ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት ፈልጊ። የፍርድ ቤቱን የድሮ መዛግብት ፈልጊ፤ የመጀመሪያው መዝገብ የተከፈተበት ቀን ቤቱ ከመቼ ወዲህ እንደሠራ ይነግርሻል። ጣሊያን ሠርቶት ቢሆንም እንኳ እዚያ የተፈረደው የእኛ ሰው ክርክር ነው።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄሽ። አይሆንም ከተባለስ?

መልሱን ሳትጠብቂ ጀምሪ። ቤቱ ቢተርፍም ባይተርፍም ይህ ሥራ አይባክንም። መጀመሪያ ግን ከወረዳው የፈቃድ ደብዳቤ ያዢ። የመንግሥት ግቢ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰው ካሜራ ይዞ ሲዞር «ለምን?» መባሉ አይቀርም። ድሮን የሚባል ነገር አታስቢ።

ሦስት ሰው፣ 30 ሜትር የሚለካ ሜትር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ተማሪዎችሽን ውሰጂ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። የእያንዳንዱን ክፍል አራት ጎን ብቻ ሳይሆን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። የድሮ ክፍል ማዕዘኑ ትክክል ይመስላል እንጂ አይደለም። ሰያፉ ካልተለካ ወረቀት ላይ አይገጥምላችሁም። የግድግዳው ውፍረት፣ የበሩ ቁመት፣ የመስኮቱ ከወለል ከፍታ ይመዝገብ። ፎቶ ስታነሺ ፊት ለፊት ቁሚ፤ ከጎን አታንሺ። ሰማይ ደመና ሲሆን ይሻላል፣ ጥላ አይኖርም። ግድግዳው ላይ ሜትር ወይም በየ20 ሳንቲሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ዱላ ይደገፍ። ሁለት እርምጃ እየሄድሽ አንሺ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር ከግማሽ በላይ ይደራረብ። እንዲህ ከተነሳ በኋላ በኮምፒውተር ተገጣጥሞ የቤቱ ሙሉ ቅርጽ ይወጣል። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለዞኑ መምሪያ፣ አንዱን አዲስ አበባ ላለ ዘመድ። ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይበላሻል።

ከድንጋዩ በላይ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። በልሃ ልበልሃ ሲባል በጆሯቸው የሰሙ ሰዎች እያለቁ ነው። ዳኛው የት ይቀመጥ ነበር? ተሟጋች ከየት በኩል ይገባል? ዋሱን ሰው የት ቆሞ ይጠራል? ወረፋ የሚጠብቀው ባላገር ስንቁን የት ዛፍ ሥር ይፈታ ነበር? ሽማግሌዎቹን ቤታቸው ሄደሽ አትጠይቂያቸው። እዚያው ግቢው ውስጥ ይዘሻቸው ሂጂ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ቤታቸው ሆነው «ረሳሁት ልጄ» ብለውኝ ነበር። በማግሥቱ ቦታው ላይ ወሰድኳቸው። ከበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ግራ ዘርግተው «እኔ እዚህ ቆምኩ፤ ያ እዚያ ቆመ» አሉና ስለ አንድ የድንበር ክርክር ሁለት ሰዓት አወሩኝ። እግራቸው ነው ያስታወሰው።

ማፍረሱ ከተወሰነ ደግሞ የጨረታውን ሰነድ ተከታተዪ። ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ሰው የፍራሹን ዕቃ ይወስዳል፤ ወይም ዕቃው ለብቻው በጨረታ ይሸጣል። የሚተርፈው ዕቃ ዝርዝር ከጨረታው በፊት በደብዳቤ ይውጣ። በሮቹ ከነማጠፊያቸው፣ የመስኮት ብረቶች፣ ጽሑፍ ያለበት ጉበን፣ የጥድ ቋሚዎቹ፣ የበሩ ደፍ። እያንዳንዱ ቁጥር ይሰጠውና በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ንብረት ክፍል ገቢ ይደረግ። ሞዴል 19 ከሌለው «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ» የተባለ በር ሁሉ እግር ያወጣል። እኔ አንዱን የዶሮ ቤት በር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዶሮዎቹ ደህና ነበሩ።

ድንጋዩን ለሌላ ጊዜ ልትገጥሙት ከሆነ ከመነቀሉ በፊት ፊቱ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፉና ግድግዳውን ፎቶ አንሱ። ሲነቀል ያው ቁጥር ከጀርባው በዘይት ቀለም ይጻፍ። ፊቱን በቀለም እንዳታበላሹት። መሬት ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ይደርደር።

ለአሁኑ ግን ከእርሳሱ ጀምሪ። ነገ ጠዋት ከክፍል በፊት ሂጂና ስንጥቁ ላይ መስመርና ቀን አድርጊ። ፎቶውን ላኪልኝ፤ ሰያፍ ይሁን ቀጥ ያለ፣ ሆድ ያወጣ ግድግዳ ይኑር አይኑር እነግርሻለሁ። ስታነሺ ሜትሩ ፎቶው ውስጥ ይታይ።